ሦስተኛው ቅብ

እንደምን ዋላችሁ እናቶች አባቶች፣ እንኳን ለልጆቻችሁ ምርቃት አደረሳችሁ። እናንተም ተመራቂዎች እንኳን ደስ አላችሁ፣ ስድስት ወር ሙሉ ሰጋቱራ ስትቅሙ ከርማችሁ ዛሬ ነጭ ለብሳችሁ ሳያችሁ ደስ ብሎኛል።

ስለ ቢዝነስ ፕላን ምናምን አውራ ተብየ ነበር የተጠራሁት፣ እኔ ግን የአንድ አናጢ ቤት ታሪክ ነው ይዤ የመጣሁት። ሰውየው የደብረ ማርቆስም የቡሬም ሰው አይደለም፣ ዴንማርክ ነው የኖረው፣ ግን ስሙኝማ፣ የኛን ቤት የሚመስል ነገር ታገኙበታላችሁ።

ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን ይባላል። በ1916 (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ቢሉንድ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አንድ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ገዛ። ለገበሬው ቤት ይሠራል፣ በርና መስኮት ይገጥማል፣ በቃ እንደኛው ነው። በ1924 ሁለት ትንንሽ ልጆቹ እዛው ወርክሾፕ ውስጥ ፍቅፋቂ ላይ እሳት ለኮሱና ወርክሾፑም መኖሪያ ቤቱም አንድ ላይ ነደደ። ደረቅ ፍቅፋቂ እሳት ሲነካው ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ፣ ውሃ እስኪመጣ አይጠብቅም። ሰውየው ግን ከበፊቱ አስፍቶ መልሶ ሠራው።

ከዛ 1930ዎቹ መጡ፣ የእህልና የከብት ዋጋ ወደቀ፣ ገበሬው እጁ ላይ ሳንቲም ጠፋ። ይሄን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ በቆሎና ጤፍ ዋጋ ባጣ ዓመት አዲስ በር የሚያሠራ ማን አለ? ስለዚ ኦሌ በትንሽ በትልቁ መሞከር ጀመረ፣ መሰላል፣ በርጩማ፣ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ በ1932 ደግሞ የእንጨት መጫወቻ። በዛው ዓመት ሚስቱ ሞተችበት፣ አራት ወንዶች ልጆች ጥላበት። እኔ ይሄን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር እዚህ ጋ ነው የምቆመው፣ ሥራ የሌለው፣ ቤቱ ውስጥ እናት የሌላቸው አራት ልጆች ያሉት ሰው ቁጭ ብሎ ለሰው ልጅ መጫወቻ ሲልግ።

በዛ ሰሞን ዮዮ ፋሽን ሆነ፣ በክር ወርዶ የሚመለሰው ክብ መጫወቻ ማለት ነው። ኦሌም በብዛት ሠራ፣ ፋሽኑ ግን እንደመጣው በአንዴ ጠፋና ክምሩ እጁ ላይ ቀረ። ምን አደረገው መሰላችሁ? ዮዮ እኮ ሁለት ክብ እንጨት በመሀል የተያያዘ ነው፣ ለሁለት ሰንጥቆ ለመጫወቻ መኪና ጎማ አደረገው። እናንተ ቁርጥራጭ ጠርጋችሁ ወደ ምድጃ ስትወስዱ እኔ የምጮኸው ለዚህ ነው።

በ1934 ድርጅቱን ሌጎ ብሎ ሰየመው፣ በነሱ ቋንቋ «ጥሩ ተጫወት» ከሚሉ ሁለት ቃላት ቆርጦ የገጠመው ነው። አዎ ዛሬ በፕላስቲክ ጡብ ዓለም የሚያውቀው ሌጎ ማለት ነው፣ መነሻው አናጢ ቤት ነው። ከታወቁት የእንጨት ሥራዎቹ አንዷ ዳክዬ ናት፣ ጎማ አላት፣ ልጅ በገመድ ሲጎትታት አፏን ትከፍታለች ትዘጋለች።

አሁን የመጣሁበትን ልንገራችሁ። ዳክዬዋ ሦስት ጊዜ ቨርኒሽ ትቀባ ነበር። አንድ ቀን ልጁ ጎትፍሬድ ሁለት ጊዜ ብቻ ቀብቶ አሽጎ ባቡር ጣቢያ አደረሰና ወጪ ቀነስኩ ብሎ ደስ ብሎት ለአባቱ ነገረው። አባትየው አሁኑኑ ሄደህ ካርቶኖቹን መልስ፣ ፍታ፣ ሦስተኛውን ቀባና መልሰህ አድርስ፣ ሌሊቱን ቢፈጅም ብቻህን ነው የምትሠራው አለው። ልጁም አደረገው። ያ ልጅ ነው በኋላ ድርጅቱን የመራው፣ ምርጡም ቢሆን አይበዛም የሚል መፈክራቸውን በእጁ እንጨት ላይ ቀርፆ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ የሰቀለውም እሱ ነው።

እኔም አባቴ አናጢ ነበር፣ የዋንዛ ከበሮና ገበጣ ይሠራ ነበር። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ግን በጥላ በደንብ ካልደረቀ ይበቀላል። እኔ የመጀመሪያ ትልቅ ትእዛዜን፣ የአንድ ትምህርት ቤት የሕፃናት ወንበር፣ በእርጥብ እንጨት ሠርቼ አስረከብኩ፣ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲመታው መቀመጫው ተሰነጠቀ፣ አንዲት ልጅ ጭኗን ቆረጣት። ማንም አልከሰሰኝም። አባቴ ግን ሄዶ ልጅቷን አየና ተመልሶ እራት ሳይበላ ተኛ፣ እኔን አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ወንበሮቹን አንድ በአንድ መልሼ ሠራሁ። ሦስተኛው ቅብ ሲባል የማስታውሰው ያን ማታ ነው።

የሌጎን ቀሪ ታሪክ ላሳጥረው። በ1942 ፋብሪካው እንደገና ተቃጠለ፣ ንድፉም ሞዴሉም አብሮ ጠፋ፣ እንደገና ሠሩት። በ1946 የፕላስቲክ ማሽን ገዙ፣ የዛሬው ጡብ በ1958 ፓተንት ተመዘገበ፣ ኦሌም በዛው ዓመት አረፈ። በ1960 የእንጨት መጫወቻው መጋዘን ተቃጠለና እንጨቱን እዛው ላይ ተዉት። አብዛኛው ድርሻ እስካሁን የቤተሰቡ ነው። እንጨት አይዋጣም የምትሉ ካላችሁ ግን ጎረቤታቸው ስዊድን ውስጥ ብሪዮ የሚባል የመጫወቻ ድርጅት አለላችሁ፣ በ1884 አንድ ቅርጫት ሠሪ የጀመረው፣ በ1908 ሦስት ልጆቹ የተረከቡት፣ የእንጨት ባቡሩ ዛሬም ይሸጣል።

እኛ ጋ ዋንዛ አለ፣ ወይራ አለ፣ አዊ በኩል ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት አብዛኛው ከሰል ሆኖ ያልቃል። ልጆቻችን ከበቆሎ አገዳ መኪና፣ ከጭቃ ላም እየሠሩ ነው የሚያድጉት፣ መጫወቻ አይፈልጉም ማለት አይደለም። ደግሞ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው፣ ስለዚ ጠርዙን በጣታችሁ ሳይሆን በጉንጫችሁ ዳብሱት፣ ጉንጭ ሻካራ አይደብቅም። ምስማር አትምቱበት፣ በእንጨት ሽብልቅ ያዙት። ቀለሙን ስትገዙ ለልጅ ይሆናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሻጩ ካላወቀ ተዉት።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩአቸው አርባ ጥማድ በሬዎች የነዚህ ልጆች ሥራ ናቸው፣ ቀንበራቸው ይወልቃል፣ ጎማቸው ይዞራል። ወላጆች ልትገዙ እንደቸኮላችሁ አይቻለሁ፣ ግን ዛሬ አይሸጡም። ሁለቴ ነው የተቀቡት። ቡናው ካለቀ በኋላ ወርክሾፑን እከፍታለሁ፣ ብሩሽ የሚበቃ አለ፣ ነጫችሁን ቀይራችሁ ኑ።