ጨረቃዋ በዝታለች

እንደምን አመሻችሁ?

ጣና ዳር ተቀምጦ፣ ንፋሱ እንዲህ እየነፈሰ፣ ስለ ፍርሃት ማውራት ትንሽ ያሳፍራል። ግን ዛሬ ብዙዎቻችሁ በኪሳችሁ ግጥም የጻፋችሁበት ወረቀት ይዛችሁ እንደመጣችሁ እገምታለሁ። ሳታወጡት ወደ ቤት ልትመለሱ እንደምትችሉም እገምታለሁ። እኔ ራሴ 9 ዓመት አላወጣሁም።

ግጥሞቼን ደብተር ላይ እጽፍና ፍራሽ ሥር እደብቅ ነበር። የጠየቀኝን ሁሉ «ገና አላለቀም» እለዋለሁ። ውሸቴን ነው፤ ያለቀም ነበረበት። አንድ ቀን እናቴ ለጎረቤታችን በርበሬ ልትልክ ፈለገች። መጠቅለያ ስታጣ ከደብተሬ ሁለት ገጽ ገነጠለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ምን እንደሆነ በምን ትወቅ?

ማታ ጎረቤታችን ወረቀቱን ይዘው መጡ። በርበሬው አቅልሞታል።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን «ጥሩ ነው፤ ጨረቃዋ ግን በዝታለች» አሉና ቡና ሊጠጡ ተቀመጡ።

በቃ። 9 ዓመት የሸሸሁት ፍርድ ይኸው ነበር። ሲሄዱ ብቻዬን ቆጠርኩ። በሁለት ገጽ ላይ ጨረቃ 7 ጊዜ ወጥታለች።

ይሉኝታ የምንለውን ቃል እስቲ ፈታ አድርገን እንየው። «ይሉኛል» ነው ነገሩ። ማን ነው የሚለው? ቃሉ አይነግረንም። «እነሱ» ብሎ ያልፋል። ለቅሶ ቤት ሳንደርስ ስንቀር፣ ታላቅ ቆሞ እኛ ስንቀመጥ፣ ይሉኝታ ደግ ነገር ነው። ግጥም ላይ ሲመጣ ግን ሥራ ያስፈታል። የባሰው ደግሞ መደበቃችንን ሰው ጨዋነት ይለዋል፤ እኛም ደስ ብሎን እናምነዋለን።

ያለነው ዋሸራንና ጎንጅን በመሰሉ ቅኔ ቤቶች በሚታወቀው በጎጃም ምድር ነው። እዚያ ጀማሪ ተማሪ ጉባኤ ቃና የምትባለውን አጭር ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም ይደርሳል። 2 ቤት፣ ማለትም 2 ስንኝ ብቻ ናት። ያችኑ ይዞ የኔታ ፊት ይነግራል። የኔታ ያርሙታል፤ ጓደኞቹ ይሰማሉ። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። 8 ቤት ያለው መወድስ የሚባለው ረጅም ቅኔ ላይ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ታርሟል? ልጁ «መወድስ እስክችል ለማንም አልነግርም» ቢል ኖሮ መወድስ የሚባል ነገር ባልቻለ ነበር። የቆሎ ተማሪ አጥብቆ የሚፈራው የመንደር ውሻ ነው፤ መታረምን ለምዶታል።

በእርግጥ ሁሉም የኔታ አንጀተ ቡቡ አይደለም። ሰሚም እንዲሁ ነው። የሚያርም አለ፣ የሚያላግጥ አለ። «አይረባም» ያላችሁን ሰው «የቱ ጋ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያርመው ስንኙን ያሳያችኋል። የሚያላግጠው አላነበበውም።

ወዳጅ ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ «እንዴት ነው?» አትበሉ። የኛ ሰው ወጡ ጨው በዝቶበትም «እጅሽ ይባረክ» ነው የሚለው። «የት ላይ ሰለቸህ?» በሉት። አንድ ሰው ይበቃል፤ አዳራሽ መሙላት አያስፈልግም።

ጎረቤታችን ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ አንባቢዬ ሆኑ። አንዳንዴ ተሳስተዋል፤ በጣም የምወደውን ስንኝ «ይህማ ስብከት ነው» ብለውኝ ሳልሰማቸው ቀርቻለሁ። አሁንም ልክ የነበርኩ ይመስለኛል። ተኳርፈን ግን አናውቅም።

ዛሬ መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። ትናንት ማታ የጻፍኩት ነው፤ አልታረመም። ጨረቃ አንዴ ብቻ ገብታለች።