የአካባቢ ጥበቃ አጥንቶ የት ይደረሳል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር እዚህ ደብረ ብርሃን ወላጆች አንድ ጥያቄ ያነሱልኛል፦ «ልጄ የተፈጥሮ ሀብትና የአካባቢ ጥበቃ ደረሰው፤ ተመርቆ የት ይገባል?» ሥጋታቸው ይገባኛል፤ ትምህርቱን የተማርኩት ሰው እንደመሆኔም መልስ ሊነፈጋቸው አይገባም እላለሁ።

ሩቅ ሳንሄድ በሰሜን ሸዋ የሚገኘውን ደጋማ የሣር ምድር፣ የመንዝ ጓሳን፣ እንመልከት። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚውለውን የጓሳ ሣር የአገሩ ሰው «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሥፍራው ለተወሰኑ ዓመታት ከአጨዳና ከግጦሽ ተከልሎ ይቆይና ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። ጥበቃ ማለት ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ይጠቀም የሚለውን መወሰን መሆኑን ከየትኛውም የመማሪያ ክፍል ይልቅ ጓሳ አስተምሮኛል።

ሙያው ደግሞ እጅ ይጠይቃል። እርከን ሲቀየስ ሁለት እንጨት፣ በመካከላቸው የተወጠረ የ10 ሜትር ገመድ፣ በገመዱም መሐል የተንጠለጠለ ውሃ ልክ ይያዛል። ውሃ በሚተኛበት የደጋ ዋልካ መሬት ላይ እርከኑ ፍጹም አግድም ከተሠራ፣ የክረምቱ ጎርፍ ተጠራቅሞ ይጥሰውና ከሥሩ ቦረቦር ይከፍታል፤ ስለዚህ ውሃው በዝግታ ወደ ማፋሰሻው እንዲሄድ ጥቂት ዘቅዘቅ ይደረጋል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ለገበሬው የአንድ ማሳ አፈር አተረፈለት ማለት ነው።

የሥራውን በር በተመለከተ፣ ብዙዎች የሚያውቁት የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትን ነው፤ የመንግሥት ቅጥር ግን ለሁሉም ተመራቂ አይበቃም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ወዲህ ፋብሪካም ሆነ መንገድ ከመገንባቱ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት መጠናት ስላለበት፣ ይህን የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች አሉ። ፋብሪካዎችም ፍሳሻቸው ወደ ወንዝ ከመለቀቁ በፊት የሚመረምርላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ኢንዱስትሪ ለበዛባት ደብረ ብርሃን ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ፓርኮችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችም አሉ።

ለተማሪዎች የምመክረው፣ ጂአይኤስን (የመሬት መረጃ በኮምፒውተር ካርታ ላይ የሚተነተንበትን ዘዴ) እና የውሃ ናሙና አወሳሰድን ከመመረቃችሁ በፊት በደንብ ልመዱ ነው። በበጋው የተፋሰስ ዘመቻ ከገበሬው ጋር እርከን ቀይሱ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ወደዚያው ማሳ ተመልሳችሁ የትኛው እንደጸና፣ የትኛው ለምን እንደተጣሰ ከባለ ማሳው ጠይቃችሁ ጻፉት፤ ለሥራ ስታመለክቱም ያን ጽሑፍ ከትምህርት ማስረጃችሁ ጋር አያይዙት።