አያቴ ከመስኮቱ አጠገብ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ሆኜ ስለ አንድ ፎቶ ላወራችሁ ነው።

አያቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ስትስቅ አነሳኋት። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ፊቷ ጥላ ብቻ ሆኗል። ካሜራው የመስኮቱን ብርሃን አይቶ «በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ቀንሶታል። እኔም ልብ አላልኩም።

ያን ሌሊት በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የፎቶውን የብርሃን መጠን፣ ወደ ቀኝ ገፋሁት። አንድ ስቶፕ፣ ሁለት፣ ሦስት። እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ስለሚያደርገው 8 እጥፍ ደረሰ ማለት ነው። ፊቷ ታየ፤ ግን አመድ የተነፋበት መሰለ። ጉንጯ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጣ። መስኮቱማ ነጭ ወረቀት ሆኖ አረፈው።

ለምን? ባለ 14 ቢት ራው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብረው ያስቀመጠው ጥሬ ፎቶ፣ 16,384 የብርሃን ደረጃዎች አሉት። ግማሹን፣ 8,192ቱን፣ በጣም ብሩህ የሆነው አንድ ስቶፕ ብቻውን ይወስደዋል። ቀጥሎ ያለው 4,096፣ ከዚያ 2,048፣ እንዲህ እየተገመሰ ይወርዳል። ጨለማው ጋ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ከዚያም በላይ፣ መጀመሪያውኑ ሴንሰሩ፣ ብርሃን ተቀባዩ የካሜራ ክፍል፣ ላይ ያረፈው ብርሃን ትንሽ ነበር። ትንሿን ብርሃን ስትጎትት ኖይዙም፣ ያ ነጠብጣብ፣ አብሮ ይመጣል። ካሜራው አቀናብሮና ጨምቆ የሚያስቀምጠው ጄፔግ ቢሆን ኖሮማ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። እንኳን ራው አድርጌ አነሳሁት!

ደግሞ ሌላ ጉድ። ለዓይኔ ብዬ ስክሪኑን አደብዝዤው ነበር። ፎቶውን ያለልክ ያስገፋኝ አንዱ እሱ ነው። ሂስቶግራሙን፣ የፎቶውን ጨለማና ብርሃን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ፣ ባይ ኖሮ ይነግረኝ ነበር።

በማግስቱ ከዜሮ ጀመርኩ። ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ ብቻ ጨመርኩ። ፊቷን በማስክ ለይቼ ለብቻው ትንሽ አነሳሁት። ከዚያ በከርቭ፣ ጨለማውንና ብርሃኑን ለየብቻ በሚያስተካክለው መስመር፣ ጥቁሩን መልሼ ወደ ታች ሳወርደው ያ አመድ ጠፋ። በዚህ ገረመኝ፤ ፎቶ ለማብራት ስታገል ቆይቼ የጎደለው ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ኖይዙንም ቀነስኩ፣ ግን በጥቂቱ። ሲበዛ ቆዳ ፕላስቲክ ይመስላል። የአያቴን መጨማደድ ደግሞ አላስነካም።

የክፍሉ ጥግ እንደጨለመ ቀረ። መስኮቱ ግን ስላልነጣ ሁሉ ነገሩ ይታያል።

ፎቶውን ሳሳያት ስለ ፊቷ ምንም አላለችም። ጠጋ ብላ አየችና፣ «ውይ፣ ይሄ መስኮት እንዲህ ቆሽሾ ነበር እንዴ?» አለችኝ።