በግቢያችን ውስጥ እንዴት እንነጋገር፦ በትምህርት ዘመኑ መክፈቻ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለሠራተኞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤
የተከበራችሁ መምህራን፣ የአስተዳደር፣ የጥበቃና የፅዳት ባልደረቦቻችን፤

ሥራችሁን አቋርጣችሁ በዚህ የትምህርት ዘመን መክፈቻ ስብሰባ ላይ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በእንዲህ ያለው ጊዜ ርእሰ መምህር አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ መማሪያ መጻሕፍት፣ ስለ መግቢያና መውጫ ሰዓት ነው። እነዚህን ጉዳዮች የያዘው ጽሑፍ በየእጃችሁ ስለሚገኝ እኔ ዛሬ በአንድ ነገር ላይ ብቻ ላተኩር፤ እርሱም በዚህ ግቢ ውስጥ የምንገናኝ ትልልቅ ሰዎች እርስ በርሳችንም ሆነ ከልጆቹ ጋር የምንነጋገርበት መንገድ ነው። አንድ ተማሪ ተሳደበ፣ አላገጠ፣ ጓደኛውን አገለለ የሚል ቅሬታ ሲደርሰኝና ነገሩን ከሥሩ ለማጣራት ስሞክር፣ ልጁ የተናገረውን ቃል ቀድሞ የተናገረ ትልቅ ሰው በተደጋጋሚ አገኛለሁ። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ከልጆቹ ይልቅ ወደ እኛ ያደላል።

አማርኛችን በዚህ ረገድ የሚደብቅልን ነገር የለም። "አንተ"፣ "አንቺ"፣ "እርስዎ" ባልን ቁጥር የምናነጋግረውን ሰው በልባችን የት እንዳስቀመጥነው በግልጽ እንናገራለን። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ጠዋት በሩ ላይ ሲደርስ፣ አባቱ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን የጥበቃ ሠራተኛ "አንተ፣ ቶሎ ክፈት እንጂ!" ሲል ይሰማል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ያው አባት በትሕትና ጎንበስ ብሎ ርእሰ መምህሩን "እንደምን አደሩ?" ሲል ያያል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ሆኖም አክብሮት የሚሰጠው ለሹመት እንደሆነ በዚያች ጠዋት ተምሮ ወደ ክፍሉ ይገባል። ከሳምንት በኋላ የፅዳት ሠራተኛዋ አሁን የጠረጉት ወለል ላይ እያዩት ወረቀት ሲጥል፣ ወይም ደብተሩ የተቀዳደደበትን የክፍል ጓደኛውን በንቀት ሲጠራ፣ "ይህን ጠባይ ከየት አመጣው?" ብለን እንገረማለን። መምህራንም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ተማሪ ፊት ባልደረባችንን ስናጣጥል፣ ወይም ቁልፍ ያዘገየብንን ሠራተኛ ስንቆጣ፣ አርባ ጥንድ ጆሮዎች እንደሚሰሙን እንዘነጋለን።

ልጆች ከትልልቅ ሰዎች የሚቀዱት ድርጊትን ብቻ አለመሆኑን ከሚያሳዩ ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የአልበርት ባንዱራና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት መዋያ ከነበሩ 72 ልጆች መካከል ከፊሎቹ አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብና ኃይለ ቃል ሲናገር እንዲያዩ አደረጉ። እነዚህ ልጆች በኋላ ከዚያው ዓይነት አሻንጉሊት ጋር ሲገናኙ ምቱን ብቻ ሳይሆን የሰሙትን ቃል ጭምር የደገሙ ነበሩ። ይህ በአንድ ክፍል ውስጥ የተደረገ ሙከራ ስለሆነ የልጅን ሕይወት ሁሉ ይገልጣል ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት "ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤት" ሲጫወቱ ቆሞ የተመለከተ ሁሉ፣ መምህር የሆነችው ሕፃን የማንን ድምፅ፣ የማንን ቁጣ፣ የማንንስ የእጅ አጣጣል እንደምትደግም ያውቃል።

ንቀት ሁልጊዜ በስድብ አይመጣም። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት የፈጸምኩትን አንድ ስሕተት ልንገራችሁ። የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ጥያቄ ስጠይቃት ወዲያው ካልመለሰች "እሺ፣ የሚያውቅ ይመልስ" ብዬ ወደ ሌላ ተማሪ አልፍ ነበር። አልተቆጣኋትም፣ አልሰደብኳትም፤ እንዲያውም እንዳላሳፍራት የተጠነቀቅኩ ይመስለኝ ነበር። በሴሚስተሩ መጨረሻ እናቷ መጡና፣ ልጃቸው ቤት ውስጥ መልሱን ሁሉ እንደምታውቅ፣ ግን "መምህሩ እኔን መጠበቅ አይፈልግም" እንዳለቻቸው ረጋ ብለው ነገሩኝ። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለካ ያቺ ልጅ በየቀኑ ከእኔ የምትሰማው "አንቺ የሚጠበቅሽ ሰው አይደለሽም" የሚል መልእክት ኖሯል።

ኋላ እንዳነበብኩት ይህ የእኔ ብቻ ችግር አልነበረም። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይፋ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ተማሪውን የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ጊዜ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ብሎ የሚቀረው ልጅ ቀነሰ፣ ደካማ ተብለው የተቆጠሩ ተማሪዎችም መሳተፍ ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ለመጠበቅ በጀት አያስፈልግም፣ ሥልጠናም ብዙ አያሻም። መምህራን ባልደረቦቼ፣ በዚህ ዓመት ከእናንተ የምጠይቀው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፤ ጠይቃችሁ ጠብቁ። ወላጆችም ማታ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ብላችሁ ስትጠይቁ ልጁ አፉን እስኪከፍት ታገሡት፤ መልሱን እናንተው አትሙሉለት።

ተግሣጽን በተመለከተ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1989 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 28 ላይ፣ የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን የልጁን ሰብአዊ ክብር በጠበቀ መንገድ መፈጸም እንዳለበት ደንግጓል። ይህን ድንጋጌ ወደ ክፍል ውስጥ ስናወርደው ትርጉሙ በጣም ቀላል ነው። "የቤት ሥራህን አልሠራህም" ማለትና "አንተ ሰነፍ ነህ" ማለት የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ልጁ ነገ ሊያስተካክለው የሚችለውን ነገር ይነግረዋል፣ ሁለተኛው ግን ማንነቱን ነግሮት ሌላ የሚሠራው ነገር አይተውለትም። ጥፋቱ በሰው ፊት ተፈጽሞ ወዲያው መቆም ያለበት ካልሆነ በስተቀር ወቀሳው ለብቻው ይሁን። ሰልፍ ላይ ስም ጠርቶ ማዋረድ በዚህ ትምህርት ቤት ቀርቷል፤ ይህን የምለው እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ውሳኔ መሆኑ ይታወቅልኝ።

አሁን ብዙ ወላጆች ወደሚያነሡት፣ እኔንም ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። በልጆች መካከል የሚነሣ ጠብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጉዳዩን በስፋት ማጥናት የጀመሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳን ኦልቬውስ፣ ጉልበተኝነትን ከተራ ግጭት የሚለዩትን ሦስት ምልክቶች አስቀምጠዋል፤ ድርጊቱ ሆን ተብሎ የሚፈጸም ነው፣ ይደጋገማል፣ በአጥቂውና በተጠቂው መካከል ደግሞ የኃይል ልዩነት አለ። ኃይል ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ የጓደኛ ብዛት፣ የዕድሜ ብልጫ፣ የአንደበት ቅልጥፍና ኃይል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ማወቅ የሚያስፈልገን መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። ሁለት እኩያሞች በኳስ ቢጣሉ አቀራርቦ ማነጋገርና ማስታረቅ ትክክል ነው። ለወራት ስትዋከብ የቆየችን ልጅ ግን ካዋከቧት ልጆች ፊት አቁሞ "በሉ አሁን ተቃቅፋችሁ ታረቁ" ማለት፣ ያልበደለችውን ጥፋት እንድትካፈል ማድረግና ለሚቀጥለው ጥቃት አሳልፎ መስጠት ነው። ይህን ስሕተት በቅን ልቦና የፈጸምን ብዙዎች ነን። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲያጋጥም ልጆቹን ለየብቻ እናነጋግራለን፣ ተጠቂው ደኅንነት እንዲሰማው አስቀድመን እናረጋግጣለን፣ አጥቂው ልጅም ያደረሰውን ጉዳት ተረድቶ የሚክስበትን መንገድ ከወላጆቹ ጋር እንፈልጋለን። አጥቂ የምንለውም ልጅ የእኛው ልጅ ነውና፣ ስም ለጥፈንበት አንለየውም።

ዳር ቆመው የሚያዩትስ? በካናዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ተማሪዎችን በመጫወቻ ሜዳ ላይ በቪዲዮ ተከታትሎ ነበር። ከታዩት የጥቃት ክስተቶች ውስጥ በ88 በመቶው ሌሎች ልጆች በአካባቢው ነበሩ፤ ጣልቃ የገቡት ግን በ19 በመቶው ብቻ ነበር። ልብ የሚሞላው ግኝት ከዚህ ይቀጥላል፤ ልጆች ጣልቃ ከገቡባቸው ጊዜያት በሚበልጡት፣ ማለትም በ57 በመቶው፣ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። "ተዋት" የምትል አንዲት የእኩያ ቃል ያን ያህል ጉልበት አላት ማለት ነው።

ታዲያ ልጆቹ ለምን ዝም ይላሉ? አንዱ ምክንያት "አሳባቂ" መባልን መፍራታቸው ነው፤ ይህንንም ፍርሃት ብዙ ጊዜ የምንተክለው እኛ ነን። አንድ ልጅ ሊነግረን ሲመጣ "ሂድ፣ አታሳብቅ" ብለን ስንመልሰው፣ ነገ ከባድ ነገር ሲያይ ወደ እኛ የሚመጣበትን መንገድ ዘግተናል። ማሳበቅ ሌላውን ለማስቀጣት ሲባል የሚነገር ነው፤ ሰውን ከጉዳት ለማዳን የሚነገረው ግን እርዳታ መጠየቅ ነው። ይህን ልዩነት በየክፍሉ በቀላል ቃል እናስተምራለን። እኛም ከስብሰባ ወይም ከእርማት ላይ ቢያስነሣን እንኳ ሊነግረን የመጣን ልጅ ሰምተን እንጨርሳለን።

በወላጆችና በመምህራን መካከል ስላለው ግንኙነት ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። የመገናኛ ደብተራችንን ገልጬ ስመለከት በአብዛኛው የማገኘው ክስ ነው፤ "ልጅዎ ረበሸ"፣ "ልጅዎ አረፈደ"፣ ከወላጅ በኩልም "ለምን እንዲህ ተደረገ?" የሚል። ደብተሩ የክስ መዝገብ ከሆነ ልጁ በቦርሳው ይዞት የሚሄደው ፍርሃትን ነው፣ አንዳንዶቹም ገጹን ቀድደው መጣላቸው አያስደንቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መምህር በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ወር ውስጥ ስለ እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ አንድ ያየውን መልካም ነገር በትክክል ጠቅሶ ይጻፍ። "ጎበዝ ነው" የሚል ጥቅል ቃል አይበቃም፤ "ዛሬ ለታመመ ጓደኛው ማስታወሻ ገልብጦለታል" የሚል ይሁን። ወላጅ እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶት ከቆየ፣ አንድ ቀን አስቸጋሪ ዜና ሲመጣ በቁጣ ሳይሆን በመተማመን ይቀበለዋል።

ከወላጆች የምጠይቀውም አለ። ልጃችሁ ቤት መጥቶ በመምህሩ እንደተበደለ ሲነግራችሁ አትጠራጠሩት፣ በሚገባ አዳምጡት፤ ነገር ግን የሰማችሁት የታሪኩን አንድ ወገን መሆኑን አስታውሳችሁ፣ ልጁ ፊት በመምህሩ ላይ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት መምህሩን ጠይቁ። ቅሬታችሁን በወላጆች የስልክ ቡድን ላይ ማታ አትጻፉት። እዚያ የተጻፈ ስም እስኪነጋ መቶ ቤት ይደርሳል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ በማግስቱ ስሕተት መሆኑ ቢታወቅ እንኳ የሚመልሰው የለም። በተለይ የሌላ ሰው ልጅ በስም ተጠቅሶ እንዳይወቀስ አደራ እላለሁ። መምህሩን በቀጠሮ አግኙት፣ ካልተስማማችሁ ወደ እኔ ኑ፤ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ካልሰጠሁ የወላጅ መምህር ኅብረት እንዲጠይቀኝ ፈቅጃለሁ።

ከላይ የጠቀስኩት ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ላይ ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው፣ ሐሳባቸውም እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ብስለታቸው ተገቢ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይናገራል። በዚህ መሠረት በየሳምንቱ የመጨረሻ የትምህርት ቀን እያንዳንዱ ክፍል ሃያ ደቂቃ በክብ ተቀምጦ ይወያያል። የክፍሉን የአነጋገር ደንብ ልጆቹ ራሳቸው ያወጣሉ፤ መምህሩም ለደንቡ ይገዛል። መምህር ደንቡን ቢተላለፍ ይቅርታ ይጠይቃል። ይህ ሥልጣናችንን ያሳንሳል ብለው የሚሰጉ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ስጋታቸውንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን እኔ ያቺን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በክፍሉ ፊት ይቅርታ በጠየቅኳት ማግስት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች፣ እኔም ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ጸጥታ ለማስከበር ድምፄን ከፍ ማድረግ አላስፈለገኝም።

አንድ የቤት ሥራ ሰጥቻችሁ ላብቃ። የዘንድሮው የመገናኛ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ባዶ መስመር ትታያላችሁ። ዛሬ ማታ ልጃችሁን "ትምህርት ቤት ውስጥ ማን ተብለህ መጠራት ትወዳለህ? ማን ተብለህስ መጠራት አትወድም?" ብላችሁ ጠይቁትና፣ ጠብቃችሁ፣ የሚላችሁን ሳትለውጡ ጻፉት። የማይወዱት ቅጽል ስም ለዓመታት ሲለጠፍባቸው ዝም ብለው የኖሩ ልጆች በመካከላችን አሉ። መምህራን በመጀመሪያው ቀን ስም ጥሪ የሚያካሂዱት ከዚያ ገጽ ነው፤ የጥበቃና የፅዳት ባልደረቦቻችንም ልጆቹ እንዴት እንዲጠሯቸው እንደሚፈልጉ በዚያው ዕለት ለየክፍሉ ራሳቸው ይነግራሉ። ደብተሮቹ በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ በየክፍሉ ተደርድረዋል። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።