ስምንቱ ስፌት

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ቤት ኪራዩ አወራችኋለሁ ብዬ ነበር። እሱ ይቆየን። ስለ አይጧ ላውራ። ሥራዬ የአንጎል ኦፕራሲዮን ነው፤ ኮርስ ላይ ደም ሥር መስፋት ስለተለማመድኩባት አይጥ።

ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ ገበያው ወርጄ ነበር፤ እማዬ ቆሮሶ ዓሣ ግዢ ብላኝ። አንድ ልጅ ፊሌቶ ያወጣል። አስራ ሁለት ዓመት ቢሞላው ነው። ቢላዋውን ከጭንቅላቱ ሥር ሰካና በአጥንቱ ላይ አንሸራተተው፣ ሥጋው ሙሉውን ተነሣ። የዓሣው አፍ ገና ይከፈታል፣ ይዘጋል። አባ ኮዳ ወፎቹ ከኋላው ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ። «ይሄን እስክትለምድ ስንት ዓሣ አበላሸህ?» አልኩት። «ብዙ» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ብዙ። ይኸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የዶሮ ክንፉን ታሪክ ታውቃላችሁ። በፍልሰታ እማዬ ፍሪጅ ከፍታ «ልጄ፣ ጾም አይደለም እንዴ?» ያለችኝን። ለመስፋት ነው ብዬ ማልኩላት። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ዶሮ ሲገባ «የሚበላ ነው የሚሰፋ?» ይባላል። ክንፍ ውስጥ ያለው ደም ወሳጅ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንጎል ላይ ከምንገጥማቸው ቀጫጭን ደም ሥሮች ጋር ይቀራረባል። ቆርጠህ ትሰፋዋለህ፣ ቀለም የገባበት ውኃ ትለቅበታለህ፣ ካፈሰሰ ትፈታለህ። በጣም ጥሩ መለማመጃ ነው፣ እውነቴን ነው። ግን አይመታም። ደሙ አይረጋም። ብትሳሳት የሚሞት የለም።

ኮርሱ ላይ አይጧን የሰጡን ለዚህ ነው።

በማደንዘዣ ተኝታለች። ነጭ ናት፣ ጭኗ ተላጭቷል። ደም ወሳጇን በሁለት ክሊፕ ያዝኩና መሃሉን ቆረጥኩ። ክሩ አስር ዜሮ የሚሉት ነው፣ የፀጉር ሲሶ ቢያክል ነው። ትንፋሽ ይወስደዋል። ማይክሮስኮፕ ሥር የራሴ ልብ ምት መቆንጠጫው ጫፍ ላይ ይታየኛል። (ኦፕራሲዮን ባለኝ ጠዋት አቦል የማልጠጣው ለዚህ ነው፣ ጎረቤቶቼ እንዳይቀየሙኝ።) ስምንት ስፌት። ሦስተኛው ላይ የወዲያኛውን ግድግዳ አብሬ ልሰፋው ነበር። ያንን ብታደርግ ቱቦው ይዘጋል።

የታችኛውን ክሊፕ ለቀቅኩ። ከዚያ የላይኛውን። ደም ፈለቀ። ጋዝ አድርጌ ጠበቅኩ፣ ቆመ። አሰልጣኙ «ፈትሺው» አለኝ። በሁለት መቆንጠጫ ያዝኩት፣ ደሙን ወደ ታች ገፍቼ ባዶ አደረግኩት፣ የላይኛውን ለቀቅኩ። ወዲያው ሞላ። መታ። እኔ በሰፋሁት በኩል አልፎ መታ። እልል አልኩ። እውነት እላችኋለሁ፣ እዚያው እልል አልኩ።

አሰልጣኙ «ጎበዝ» አለኝና ማደንዘዣውን ጨመረባት።

እንዳትነቃ ነው። ነቅታ እንዳትሰቃይ። ደንቡ ነው፣ ቀድሞም ነግሮናል፣ እኔም ፈርሜያለሁ። ግን ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አላነሣሁም። ለምን እንዳላነሣሁ… ምቱ ሳሳ። ዘገየ። አንድ ጊዜ መታ፣ ጠበቅኩ፣ አንድ ጊዜ ደገመ። ከዚያ ቀረ። ስምንቱ ስፌት ግን እንዳሉ ናቸው፣ አንዱም አልላላም። ያን ያህል አምሮ የተሰፋ ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ቱርካዊው ጋዚ ያሳርጊል፣ የእኛ ሙያ አባት የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ቬርሞንት የቀዶ ሐኪሙ ዶናጊ ላብራቶሪ ገብቶ የተለማመደው በውሾች ደም ሥር ላይ ነው። በ1967 ዙሪክ ተመልሶ ከራስ ቆዳ ሥር ያለውን ደም ወሳጅ ከሰው አንጎል ደም ወሳጅ ጋር ገጠመ። ዛሬ የምንሠራው ከዚያ የመጣ ነው። የእሱ ውሾችስ? ስማቸውን የጻፈ ይኖር ይሆን?

እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በእንስሳ ስለመለማመድና ስለመመራመር የሚባል ነገር አለ። እንስሳውን በሌላ መተካት ከተቻለ ተካ፣ ካልተቻለ ቁጥሩን ቀንስ፣ ስቃዩን አቅልል። አምንበታለሁ። ፍሪጄ በክንፍ የተሞላው ለዚህ ነው፤ ክንፍ ላይ የተሳሳትኩት አይጥ ላይ አይደገምም። አይጥ ላይ የተሳሳትኩት ደግሞ… ሆስፒታል ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው እናት ልጅ ላይ። የልጇን ፊልም በፌስታል ይዛ፣ እጄን እጄን እያየች። ልጇ ላይ ልማር? አይሆንም። ይሄ ላይ አልወላውልም።

እንግዲያው ምንድነው የሚያስጨንቀኝ? መሞቷ አይመስለኝም። እልልታው ይመስለኛል። ወይም… አላውቅም። ደም ሥሩን እንጂ እሷን አላየሁም ነበር። ኦፕራሲዮን ላይ ሰውየው በጨርቅ ይሸፈናል፣ የሚታየኝ ክብ መስኮት ብቻ ነው። እንደዚያ ካላየሁ እጄ ይንቀጠቀጣል። እንደዚያ ካየሁ ደግሞ…

ቆይ፣ እማዬ ናት። «መጣሁ እማ!» ዓሣውን አጥቢው ነው የምትለው። ፌስታሉ ውስጥ ነው ገና። ልጁ ለእኔ ሲያወጣ አንዴም አጥንት አልነካም፣ ታውቃላችሁ? አንዴም። እጁን ሳየው ነበር፣ ዓሣውን ግን…