የሙዳዩ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ለነገ አገልጋዮች የሒሳብና የአስተዳደር ትምህርት ያስፈልጋቸዋል ወይ? ከወሎ የደወሉ አድማጮችን ጥያቄ፣ ደሴ ላይ ካህናትንና ዲያቆናትን ሒሳብ አያያዝ የሚያስተምሩት እንግዳችን መልሰውታል።

ከሐይቅ፣ ዲያቆን፦ «ቅኔ ቤት ነው ያለሁት። ቅኔውን ሳልጨርስ ገቢና ወጪ ተማር ይሉኛል። ይሄ የዓለም ሥራ አይደለም ወይ?»

ዲያቆን፣ እስኪ የቆምክበትን አገር እይ። የሐይቁ ገዳም በማን ስም ነው? በእስጢፋኖስ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ግለጥ። በየቀኑ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻችን ተረሱ የሚል ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ነገሩን ችላ አላሉትም፤ በመልካም የተመሰከረላቸው 7 ሰዎች አስመረጡ። ከስም ዝርዝሩ የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነው። የተሾመውም ለማዕድ ነው።

ደግሞ አንድ ቀን የደብር አስተዳዳሪ ትሆናለህ። በቃለ ዓዋዲው፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያናችን የአስተዳደር ደንብ መሠረት፣ ደብሩን የሚያስተዳድረው የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር አንተ ነህ ማለት ነው። ማሕሌት ቆመህ አድረህ፣ ጠዋት ወጪ ላይ ፈርም ትባላለህ። ያኔ ልማር ብትል ማን ይጠብቅሃል? ቅኔህን አትተው። በሳምንት አንድ ከሰዓት ግን ለሒሳብ ስጥ።

ከወልድያ አካባቢ፣ ቄስ፦ «አዲስ አስተዳዳሪ ነኝ። ገንዘብ ያዡ የታመኑ ሽማግሌ ናቸው። ሙዳዩን፣ የምጽዋቱን ሣጥን፣ ብቻቸውን ከፍተው ይቆጥራሉ። ደረሰኝ ብጠይቃቸው ‹ሌባ አልከኝ› ብለው ተቀየሙኝ።»

አባታችን፣ ብዙ ደብር የሚበጣበጠው እዚህ ላይ ነው። ቆጠራ ያየ ያውቀዋል። ሙዳዩ ምንጣፍ ላይ ይገለበጣል። ሰም የነካው አሥር ብር፣ አራት ቦታ ታጥፎ በክር የታሰረ የስእለት ብር፣ ሳንቲሙ ሁሉ ይፈሳል። ያን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ቆጥሮ ቢሳሳት ማን ይመሰክርለታል?

እኔም በወጣትነቴ የአንድ ደብር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ኖራና ሚስማር የገዛሁበት ወረቀት ጠፋብኝ። አልሰረቅሁም፤ ግን ማስረዳት አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ከኋላዬ ሲያንሾካሹክ እየሰማሁ አስቀድሻለሁ። እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ስለዚህ ሙዳዩ ሦስት የተለያየ ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በእርስዎ፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በምእመናን ተወካይ እጅ። የቆጠረ ሁሉ ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርም። ብሩ በቶሎ ባንክ ይግባ። ለጧፍና ለዕጣን እንኳ ቢሆን ከቆጠራው ላይ አንስተው አይክፈሉ፤ መጀመሪያ ገቢው ሙሉውን ይመዝገብ። የስእለት ዣንጥላና መጋረጃም እንደዚሁ።

ሽማግሌውን ግን በጉባኤ ፊት አይናገሯቸው። ቤታቸው ይሂዱ። ቡናው ላይ «አባባ፣ ስምዎን ልጠብቅ ብዬ ነው» ይበሏቸው። የቅሬውንም፣ የእድራችንን፣ ነገር ያንሱላቸው። ቅሬ ላይ መዋጮ በስም ይጠራል፣ መዝገብ ላይ ምልክት ይደረጋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይከፍላል፤ ተጠረጠርኩ ብሎ የሚቀየም የለም። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ምእመናን የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ሌሎች ወንድሞችን ጨመረበት፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ አለ።

ከኮምቦልቻ፣ እናት፦ «ልጄ ዘንድሮ ከመንፈሳዊ ኮሌጅ ይመረቃል። ብር እጁ ላይ አይቆይም። ለለመነው ሁሉ ይሰጥና መልሶ ይበደራል።»

እናቴ፣ ቸርነቱን አይንኩበት። የሚያሰጋኝ ብድሩ ነው። መበደር የለመደ እጅ የቤተ ክርስቲያን ብር ሲገባበት «ነገ እመልሳለሁ» ይላል። ነገ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ደመወዝ ሲቀበል የምጽዋቱን አስቀድሞ ይለይ። እሱ ካለቀ ለመጣው ሰው ጉልበቱን ይስጥ፣ አብሮት ይሂድ፤ አይበደር። ትንሽ እቁብም ይግባ። ማታ ማታ የገባውንና የወጣውን ይጻፍ። ሦስት ወር ብቻ ይሞክረው፤ ብሩ የት እንደሚሄድ ራሱ ያየዋል። ደብተሩን እርስዎ ይግዙለት፤ ለምረቃው ቀን ይስጡት።