ያ ደመና ባይኖር ኖሮ

ሜሮን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሜሮን ነኝ፣ ከዮናስ ጋር። ዛሬ የምናወራው ስለ «ቢሆን ኖሮ» ነው። ድሮ የሆነች አንዲት ትንሽ ነገር ብትለወጥ፣ ዛሬያችን ሌላ ይሆን ነበር ወይ? ዮኒ፣ ለእኔ አቋምህን አስቀድመህ ነግረኸኛል። እስቲ ለአድማጮቻችንም ንገራቸው።

ዮናስ፦ ትልልቅ ነገሮች በትንሽ ነገር አይዞሩም ባይ ነኝ። ጦርነት የሚመጣው ሹፌር መንገድ ስለሳተ አይደለም። ለዓመታት የተጠራቀመ ነገር ስላለ ነው። ሹፌሩ ባይሳሳት ሌላ ሰበብ ይገኛል።

ሜሮን፦ የሳራዬቮውን፣ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መነሻ ማለትህ ነው።

ዮናስ፦ አዎ። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥራቸው። ጁን 28 ቀን 1914 ነው። የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከባለቤቱ ከሶፊ ጋር ሳራዬቮን እየጎበኘ ነው። ጠዋት ቦምብ ተወርውሮበት ለጥቂት ተርፏል። ከማዘጋጃ ቤቱ ሲወጣ «የቆሰሉትን ሆስፒታል ሄጄ ልጠይቅ» አለ። መንገዱ ተቀየረ፤ ለሹፌሩ ግን የነገረው የለም። እሱ እንደ ድሮው ዕቅድ በላቲን ድልድይ አጠገብ ታጠፈ። «ተሳስተሃል!» ሲባል መኪናዋን አቆመ። የቆመችው ደግሞ ከሴረኞቹ አንዱ፣ የቦስኒያ ሰርቡ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ፊት ለፊት ነው። 19 ዓመቱ ነበር። ሁለት ጥይት ተኮሰ፣ ባልና ሚስቱ ሞቱ።

ሜሮን፦ ሳንድዊች ሊገዛ ሄዶ ነው እዚያ የተገኘው ሲባል እሰማለሁ።

ዮናስ፦ ፈጠራ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ ወሬ። ፕሪንሲፕ እዚያ የቆመው የጉብኝቱ መስመር አስቀድሞ ስለተነገረ ነው። ጓደኞቹም በመንገዱ ዳር ተበትነው ነበር። ተመልከቺ፣ ነገሩ ተመቻችቶ ያለቀ ነው። አውሮፓ በሁለት ጎራ ተከፍላለች። ጦሩ፣ የባቡር መርሐ ግብሩ፣ ቂሙ፣ ሁሉም አለ። ታዲያ አንዲት መታጠፊያ ምን ትለውጣለች?

ሜሮን፦ ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ይዘላል። ያ ሁሉ የተጠራቀመ ነገር ከ1914 በፊትም ነበር። በ1908 በቦስኒያ ምክንያት ሊጋጩ ነበር፣ አልፏል። በ1911 በሞሮኮ ምክንያት ተፋጠጡ፣ አልፏል። በ1912 እና በ1913 ባልካን ውስጥ ጦርነት ተነሣ፣ እሱም ወደ ትልልቆቹ አገሮች ሳይዛመት ቀረ። ሰበብ ሞልቶ ነበር። ሰበብ ስለተገኘ ብቻ ዓለም አይቃጠልም።

ዮናስ፦ አንድ ቀን ግን አንዱ ይይዛል።

ሜሮን፦ ይይዝ ይሆናል። ግን የሞተው ማን እንደሆነ አስብ። ፍራንዝ ፈርዲናንድ በቪየና ቤተ መንግሥት ውስጥ «ከሰርቢያ ጋር ጦርነት አንግባ» ከሚሉት ዋነኛው ነበር። ጥይቱ ሰበብ ከመሆን አልፎ፣ እንቢ ባዩን ሰውዬ ከጠረጴዛው ዙሪያ አነሣው። በአንድ ወሩ፣ ጁላይ 28 ቀን፣ ኦስትሪያ ሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች።

ዮናስ፦ ይህቺኛዋ ትከብዳለች። እሺ፣ ቀጥይ።

ሜሮን፦ ከታሪክ ወጣ ብለን ወደ አየር ጠባይ እንሂድ። ይህ ጥያቄ በሳይንስ በደንብ የተፈተነው እዚያ ነው። ጊዜው 1961፣ ቦታው አሜሪካ፣ ኤም አይ ቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ። ኤድዋርድ ሎሬንዝ የሚባል የአየር ጠባይ ተመራማሪ ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተር አለው። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ጠረጴዛ የሚያህል፣ ጫጫታው የሚረብሽ ዕቃ ነው። ሎሬንዝ በ12 እኩልታዎች ትንሽ የአየር ጠባይ ሞዴል ሠርቷል። ማሽኑ እያሰላ ቁጥር በወረቀት ላይ ያትማል። አንድ ቀን የበፊቱን ስሌት ደግሞ ማየት ፈለገ። ከመጀመሪያው እንዳይጀምር ብሎ ከመሃል አንድ መስመር ወሰደና ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ላይ አይቶ አስገባ። ከዚያ ቡና ሊጠጣ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ማሽኑ የሁለት ወር አየር አስልቷል፤ ግን ከበፊቱ ጋር ጭራሽ አይገናኝም።

ዮናስ፦ ማሽኑ ተበላሽቶ ነዋ።

ሜሮን፦ እሱም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የመሰለው። ከዚያ ቁጥሮቹን መስመር በመስመር አስተያየ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ስሌቶች አንድ ናቸው። ቀስ በቀስ መጨረሻው ዲጂት ላይ ይለያያሉ። ልዩነቱ እያደገ፣ እያደገ ሄዶ በመጨረሻ ሁለቱ የማይተዋወቁ አየሮች ሆኑ። ነገሩ ምን መሰለህ? ማሽኑ በሆዱ የያዘው 0.506127 ነው። ወረቀቱ ላይ ያተመው ግን ቦታ ለመቆጠብ 0.506 ብሎ ነው። ሎሬንዝ ያስገባው የወረቀቱን ነው።

ዮናስ፦ ከአንድ ሺሕ አንድ እንኳ የማይሞላ ልዩነት።

ሜሮን፦ አዎ። ሳተላይት እንኳ ንፋስን በዚያ ደረጃ አይለካም። በ1963 ጽሑፉን አሳተመ። በ1972 ደግሞ ንግግር አደረገ፤ የንግግሩ ርእስ ነው ዓለምን የዞረው። ብራዚል ውስጥ አንዲት ቢራቢሮ ክንፏን ብታርገበግብ ቴክሳስ ውስጥ ዐውሎ ንፋስ ታስነሣለች ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ሰው ሁሉ ጥያቄውን ያስታውሳል፣ ንግግሩ ውስጥ ያለውን ግን ብዙም አያነሣም። ሎሬንዝ ሁለት ነገር ብሏል። አንደኛ፣ ያቺ ክንፍ ዐውሎ ካስነሣች፣ በዚያው ልክ ልታስቀርም ትችላለች። ሁለተኛ፣ በዓመታት ሲታይ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች የዐውሎውን ብዛት አይጨምሩም፣ አይቀንሱምም። ቢበዛ የሚለውጡት ቅደም ተከተሉን ነው።

ዮናስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ይኼ ለእኔ ነው የሚመሰክረው! ብዛቱ ካልተለወጠ፣ ትልቁ ነገር አልተለወጠም ማለት ነው። ክረምት ክረምት ነው። በጋም በጋ ነው። ቢራቢሮዋ ወቅት አትቀይርም።

ሜሮን፦ እስማማለሁ። ወቅት አትቀይርም። ግን ዐውሎው መቼ እንደሚመጣና ማን ቤት ላይ እንደሚያርፍ ከተቀየረ፣ ያ ቤት ውስጥ ላለው ሰው ወደፊቱ አልተለወጠም ትለዋለህ? የእኔ ነጥብ ይህ ነው። «ወደፊት ይለወጣል ወይ» ስንል የማንን ወደፊት እንደሆነ አንናገርም። ለዚህ ከኮኩራ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዮናስ፦ የጃፓኗ ኮኩራ። እሷን ረጋ ብለሽ ንገሪን።

ሜሮን፦ ኦገስት 9 ቀን 1945። በእኛ ነሐሴ 3 ቀን 1937 መሆኑ ነው። ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ከተጣለ ሦስት ቀን ሆኖታል። ቦክስካር የተባለው ቢ-29 አውሮፕላን ሁለተኛውን አቶሚክ ቦምብ ጭኖ ተነሣ። አብራሪው ሻለቃ ቻርልስ ስዊኒ ነው። የተሰጠው ዒላማ ናጋሳኪ አይደለም። ኮኩራ ነው፤ ትልቅ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አላት። ናጋሳኪ ተጠባባቂ ናት።

ሲነሡ ጀምሮ ችግር አለ። አንዱ የነዳጅ ፓምፕ አልሠራ ብሎ ትርፍ ነዳጃቸውን መጠቀም አልቻሉም። ከዚያ ባሕሩ ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ቀጠሮ አላቸው፤ ፎቶ የሚያነሣው ነው። እሱ አልመጣም። ጠበቁት። አርባ ደቂቃ ያህል እዚያው ዞሩ። አየሩን ለማየት ቀድሞ የሄደው አውሮፕላን «ኮኩራ ይታያል» ብሎ ነበር። እነሱ ሲደርሱ ግን ከተማዋ በደመናና በጭስ ተሸፍናለች። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጎረቤቷ ያዋታ በቦምብ ተቃጥላ ነበር፤ ጭሱ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

ዮናስ፦ ትእዛዙስ? ካልታየም ጣሉ ነው?

ሜሮን፦ አይደለም። ዒላማው በዓይን ካልታየ እንዳትጥሉ ነው የተባሉት። አነጣጣሪው ዓይኑን መሣሪያው ላይ ተክሎ ይፈልጋል። ወንዙ ይታየዋል፣ ሕንጻዎች ይታዩታል፣ ፋብሪካው ግን የለም። ዞረው መጡ፣ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ዞሩ። የለም። ከታች ይተኮስባቸዋል፣ ነዳጁ እያለቀ ነው። ስዊኒ አውሮፕላኑን ወደ ናጋሳኪ አዞረ። እዚያም ደመና ነበር። በመጨረሻ ክፍተት አገኙና 11 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ፣ እንግዲህ በጠዋቱ ነው፣ ቦምቡ ፈነዳ። በእኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ማለት ነው። ያረፈው ካሰቡበት ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ኡራካሚ ሸለቆ ላይ ነው። ትልቁ የካቶሊክ ካቴድራል ከነምእመናኑ ጠፋ። በዚያ ሸለቆ ዙሪያ ያሉት ኮረብቶች ደግሞ የከተማውን ሌላ ክፍል ከለሉት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሞተው ሰው 70 ሺሕ ገደማ ይገመታል።

ዮናስ፦ እንግዲህ አስቢው። ኮኩራ ውስጥ በዚያ ጠዋት ልጇን ወደ ሥራ የሸኘች እናት አለች። ከራሷ በላይ የሚዞረው አውሮፕላን ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ሰምታ ይሆናል። ምን እንዳለፋት አታውቅም።

ሜሮን፦ የናጋሳኪዋ ደግሞ ምን እንደመጣባት አላወቀችም። በአርባ ደቂቃ ጥበቃ፣ በጎረቤት ከተማ ጭስ። ኋላ ደግሞ ወደ ዒላማዎቹ ዝርዝር ብትሄድ ሌላ አለ። በግንቦቱ ዝርዝር ላይ ከፊት የነበረችው ኪዮቶ ናት። የአሜሪካው የጦር ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን ከተማዋን ያውቃት ነበር፣ ጎብኝቷታል፤ «ኪዮቶ አትነካም» ብሎ አስወጣት። ናጋሳኪ ዝርዝሩ ውስጥ የገባችው መጨረሻ ላይ፣ በጁላይ ነው።

ዮናስ፦ የእኔን ጥያቄ ግን አልረሳሁትም። ኮኩራ ብትመታ ኖሮ ጃፓን አትሸነፍም ነበር? ትሸነፋለች። ሶቪየት ኅብረት በዚያው ሌሊት ማንቹሪያ ገብታለች። ንጉሠ ነገሥቱ በኦገስት 15 መሸነፋቸውን በሬዲዮ ይናገራሉ። ካርታው ያው ነው፣ ስምምነቱም ያው ነው።

ሜሮን፦ ልክ ነህ፣ በዚህ አልከራከርህም። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ አንድ ስም ይቀይርና ይቀጥላል። ለእኔ ግን የሚያስቆጣኝም እሱ ነው። «ያው ነው» የምንለው ከላይ ሆነን ስናይ ነው። ታች ወርደህ በስም ስትቆጥር አንድም ያው የሆነ ነገር የለም። ኮኩራ ዛሬ የኪታኪዩሹ ከተማ አካል ናት። በየዓመቱ ኦገስት 9 ቀን የናጋሳኪን ሟቾች ያስባሉ። ሰዎቹ ዕዳው የማን እንደነበር ያውቃሉ።

ዮናስ፦ ወደ አገራችን ልመልስሽ፣ ምክንያቱም እኔም ምሳሌ አለኝ። ሮም፣ 1960። አበበ ቢቂላ። ሴፕቴምበር 10 ነው የተሮጠው፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ።

ሜሮን፦ ዋዜማ መሆኑን ልብ ብዬው አላውቅም!

ዮናስ፦ ማታ ነው ያለቀው፣ መንገዱ ላይ ችቦ ተይዞ። የአክሱም ሐውልት ያኔ ሮም ነው የቆመው፣ አበበም በአጠገቡ አልፎ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛ የወጣው ሞሮኳዊው ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው የደረሰው። አሁን ዋናው ነገር፦ ያኔ ትልቁ ስም ዋሚ ቢራቱ ነበር። ዋሚ ሮም ላይ አልሮጠም። አንዱ እግር ኳስ ሲጫወት ተጎድቶ ነው ይላል፣ ሌላው ታሞ ነው ይላል። ዋሚ ጤነኛ ቢሆን ኖሮስ?

ሜሮን፦ አንተ ምን ትላለህ?

ዮናስ፦ ኢትዮጵያ ከሩጫው አትቀርም እላለሁ። ክብር ዘበኛ ውስጥ ሥልጠናው ተጀምሯል። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠልጣኝ ሆኗል። ደጋው አለ፣ ወጣቶቹ አሉ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ከዚያው ነው የወጣው። አበበ ባይሮጥ ሌላው ይሮጥ ነበር።

ሜሮን፦ ይሮጥ ነበር። ግን በባዶ እግሩ? ሙሶሊኒ ጦሩን በላከባት ከተማ፣ በማታ? የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የኦሊምፒክ ወርቅ አሸናፊ ሆኖ? በዚያው ዓመት ነው አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነፃ የወጡት። ያ ምስል በዚያ ዓመት መታየቱ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ሌላ ሰው ቢያሸንፍ ደስ ይለን ነበር፣ ግን ያው አይሆንም።

ዮናስ፦ እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ እመጣልሻለሁ። ሜዳልያው ይመጣ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ። ትርጉሙ ግን በሰውየውና በሰዓቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለዋሚም ሳስብ ያሳዝነኛል። እኛ «ኢትዮጵያ አሸነፈች» ብለን እናልፋለን፤ ለእሱ ግን ያቺ ሕመም ሙሉ ሕይወት ናት።

ሜሮን፦ ይኸው፣ ራስህ በስም ቆጠርክ።

ዮናስ፦ አንድ የቀረኝ ጥያቄ። እንዲህ ከሆነ መተንበይ ትርፉ ምንድነው? ሁሉም በአንዲት ዲጂት የሚዞር ከሆነ?

ሜሮን፦ የአየር ጠባይ ሰዎች መልስ አግኝተዋል። የአውሮፓው የትንበያ ማእከል ከ1992 ጀምሮ አንድ ትንበያ ብቻ አያወጣም። መነሻውን ሆን ብሎ በጥቂቱ እያዛባ ደጋግሞ ያሰላል፤ ለብዙ ዓመታት በአንድ ጊዜ 51 ስሌት ሲሠራ ቆይቷል። ሁሉም ዝናብ ካሉ ዝናብ ነው። ግማሹ ዝናብ ግማሹ ፀሐይ ካለ፣ አየሩ ያኔ በትንሽ ነገር የሚዞርበት ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ነገር ሁልጊዜ እኩል ኃይል የላትም። ታሪክንም እንደዚህ ብናየው እወዳለሁ። 1911 ላይ ሹፌሩ ቢሳሳት ምናልባት ምንም አይመጣም። 1914 ላይ ግን መጣ።

ዮናስ፦ በዚህ እንስማማ። እኔ ከ51ዱ አርባው ጦርነት ይሉ ነበር ባይ ነኝ።

ሜሮን፦ እኔ ደግሞ ሃያ አምስቱ። የሚቀጥለው ክፍል ላይ ይህንኑ ይዘን፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ወደ ታኅሣሥ 1953 እንሄዳለን። ጃንሆይ ብራዚል ነበሩ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ አዲስ አበባን ያዙ። ቀን በቀን፣ ሰዓት በሰዓት እንሄድበታለን። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ የነበራችሁ፣ ወይም ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ፣ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልን።

ዮናስ፦ ከሁለት ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሰላም ሁኑ።